የአባቴ ግድብ ሲያረጅ

ከደራ ወደ ሁሩታ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አባቴ የሠራው ኩሬ አለ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በመንገድ ሥራ ላይ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከቤተሰቡ በደረሰችው ጠባብ ሸለቆ ላይ ዶዘር ተከራይቶ አፈር ገፋ፣ ጠቀጠቀ፣ የክረምቱን ጎርፍ የሚያቁር ግድብም ሠራ። እኔ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የአካባቢው ሰው «ይሄ ሰውዬ ጡረታው አሞታል መሰለኝ» እያለ ሲስቅበት አስታውሳለሁ።

ኩሬው ግን ሞላ። አባቴ ቆሮሶ ዓሣ ጨመረበት፣ ሁለት ጀልባ አሠራ፣ ከዳር ዳስ ጣለ። እሑድ እሑድ ከአዳማ ቤተሰቦች እየመጡ የተጠበሰ ዓሣ ይበላሉ፣ ጀልባ ይሳፈራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። በግድቡ ጫፍ ላይ በመደዳ የተከላቸው ባሕር ዛፎች ስላደጉ ከሩቅ ይታያሉ። መግቢያው ላይ የሰቀልነውን ስም የሚጠራ ሰው የለም። ሁሉም «ባሕር ዛፎቹ ጋ» ነው የሚለው።

እናቴ ካረፈችና የአባቴም ዓይን ከደከመ በኋላ ሥራው ወደ እኔ ዞረ። አዳማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዓርብ ከክፍል ስወጣ በሚኒባስ መልካሳን አልፌ ደራ እወርዳለሁ፣ ከዚያ በባጃጅ ኩሬው ጋ እደርሳለሁ። ብዙ ዓመት እንዲህ ስኖር የማስበው ስለ ዓሣው፣ ስለ ጀልባዎቹና ስለ እንግዶቹ እንጂ ስለ ግድቡ አልነበረም። ግድብ ለእኔ እንደ ኮረብታ ነበር። ኮረብታን ማን ይንከባከባል?

አንድ ጥር የሰርግ አጃቢ መጣ። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ከግድቡ ሥር፣ ሣሩ ላይ ሊያነሣ ይዟቸው ወረደ። ሙሽራዋ ሁለት እርምጃ እንደሄደች የጫማዋ ተረከዝ መሬት ውስጥ ሰጠመ። ሚዜዎቹ እየሳቁ ጎትተው አወጧት። ጫማው ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር። እኔም ሳቅሁ፣ ውኃና ፎጣ አመጣሁላት፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። እነሱ ጨፍረው ከሄዱ በኋላ ግን ብቻዬን ተመልሼ ወረድኩና ቦታውን አየሁት። ዝናብ ከዘነበ ወራት አልፈዋል። በዙሪያው ያለው ሣር ሁሉ ደርቆ ገለባ መስሏል። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ለምለም ነው፣ በእግሬ ስጫነው ውኃ ያቁራል።

ለአባቴ ነገርኩት። ከዘራውን ይዞ ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው።

«ዳሱን ያጠበ ሰው ውኃ ደፍቶበት ይሆናል» አለኝ።

«አባባ፣ ዳሱ እኮ በወዲያ ማዶ ነው።»

«እንግዲህ መሬት ነው። መሬትም ያልበዋል» ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ባነሣሁበት ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

በትምህርት ቤት አብራኝ የነበረች፣ አሁን በመስኖ ሥራ መሐንዲስ የሆነች ጓደኛ አለችኝ። ደወልኩላት። አንድ ቅዳሜ ቦት ጫማዋን አድርጋ መጣችና ግማሽ ቀን ሙሉ ግድቡን ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር ዞረችው። ከረጠበው ቦታ ትንሽ ጉድጓድ ጭራ የተጠራቀመውን ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳችና ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው።

«ንጹሕ ነው» አለችኝ። «ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ጊዜ አለን። አፈር ይዞ መውጣት ከጀመረ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው።»

ጭንቀቷ እዚያ ላይ አልቆመም። በግድቡ ወገብ ላይ ጃርት የቆፈረችውን ጉድጓድ አገኘች። ረጅም ዱላ ስትሰድበት ዱላው አለቀ እንጂ ጉድጓዱ አላለቀም። የታችኛውን ቧንቧ የምንዘጋበትና የምንከፍትበት ሳራቺኔስካ ዝጎ ከነአካቴው አልዞርም አለ። በክረምት ትርፉ ውኃ የሚወጣበትን ማስተንፈሻ ደግሞ እኛው ራሳችን ግማሹን በአፈር ሞልተን የመኪና ማቆሚያ አድርገነው ነበር። ይህን ስነግራት የሞላነውን ቦታ በእርምጃዋ ለካችው።

ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ዳሱ ውስጥ ተቀመጥን። እሷ በአክብሮት ነው የጀመረችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የጠቀጠቁት አፈር ጥሩ አፈር ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የቆመውም ለዚህ ነው። የሚያስፈራኝ ላዩ ላይ የበቀለው ነው።»

«ባሕር ዛፎቹን ነው የምትይው?»

«አዎ፣ እነሱን ነው።»

«ሥሮቻቸው አፈሩን እንዲይዙት ብዬ እኮ ነው የተከልኳቸው።»

«ሥሩ በሕይወት ሳለ ይይዘዋል። የሞተው ሥር ሲበሰብስ ግን ቦታው ባዶ ቀርቶ ለውኃው መንገድ ይሆነዋል። ነፋስ ደግሞ አንዱን ነቅሎ የጣለው ዕለት የግድቡን ጎን ይዞ ነው የሚወድቀው። ውኃው ዝቅ ይበል፣ ዛፎቹ ይቆረጡ፣ ትልልቁ ሥር ወጥቶ ቦታው በጭቃ አፈር ይጠቅጠቅ። ማስተንፈሻው ወደ ድሮ ስፋቱ ይመለስ። ይህ ሁሉ ከክረምት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው።»

አባቴ ፊቱን አጠቆረ። «ዛፎቹ ከሌሉ ማን ይመጣል? ሰው የሚያውቀን በእነሱ ነው» አለና ተነሥቶ ሄደ። እሷን ስሸኛት «አትጫኚው» አለችኝ። «የሠራው እሱ ነው። ገና እየሰማው ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ግን አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ነይ እጄን ያዢኝ» አለኝ። «ሐጂ ቤት እንሂድ።»

ገረመኝ። ሐጂ ከግድቡ በታች፣ ሸለቆው ሰፋ በሚልበት ቦታ የሚኖሩ ሽንኩርት አምራች ናቸው። ሁሉም ሰው ሐጂ ብቻ ነው የሚላቸው። ግድቡ ሲሠራ «ውኃዬን ዘጋብኝ» ብለው ከአባቴ ጋር ተጣልተው ነበር። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው፣ ያም ሆኖ ዕርቁ ከአንገት በላይ ሆኖ ቀረ። ለቅሶ ይደራረሳሉ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ለአንዱ ባርኔጣውንና ቆቡን ነካ ያደርጋል። አባቴ የሐጂን ግቢ ሲረግጥ ግን እኔ አይቼ አላውቅም።

ሐጂ ከፓፓያው ሥር ተቀምጠው የፓምፕ ቱቦ ይጠግኑ ነበር። ሲያዩን ተነሡ።

«አካም ጅርቱ ሐጂ» ብሎ አባቴ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው። ግቡ እንጂ» ብለው ምንጣፍ አስነጠፉልን።

አባቴ ውኃ እንኳ እስኪቀርብለት አልጠበቀም። «ሐጂ፣ የመጣሁት ለልመና አይደለም፣ ልነግርዎ ነው» ብሎ ጀመረ። «ግድቡ ያንጠባጥባል። መሐንዲስ አይታዋለች። ለጊዜው ምንም አይለውም ብላለች። ክረምት ሲመጣ ግን ዋስ ልሆንለት አልችልም። ከታች ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ልጆችዎም ከብቶችዎም እዚህ ናቸው። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙ አልፈለግኩም።»

ሐጂ ቱቦውን ዘርግተው መልሰው ጠቀለሉት። እኔ የድሮው ጠብ ሲነሣ ታየኝና ምንጣፉን አተኩሬ አየሁ።

«ከእርሻዬ ጫፍ ላይ ያለው ሣር» አሉ በመጨረሻ፣ «በበጋ ከክረምት ይልቅ ለምለም መሆን ከጀመረ ቆየ። ላሜ የምትኖረው በሱ ነው። ታውቃለህ ምን እንዳሰብኩ? ቂምህን ትተህ በድብቅ ውኃ የለቀቅህልኝ መስሎኝ ነበር። ታዲያ ለምን መጥቶ አይነግረኝም እያልኩ አዝኜብህ ነበር።»

«እኔ?» አለ አባቴ።

«አንተ።»

አባቴ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከዓይኑ እንባ እስኪወርድ ሳቀ። «እኔማ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ሆኜ አላውቅም፣ ሐጂ» አለ። ሐጂም ሳቁ። ቤት ውስጥ የነበሩት ባለቤታቸው ምን ተፈጠረ ብለው ብቅ አሉ። እኔ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ነበር። ሐጂ አባቴን «አንተ» አሉት። ሁልጊዜ በአንቱታ ነበር የሚነጋገሩት። ከዚያ ጠዋት በኋላ አንቱታው በሁለቱም በኩል ቀረ።

ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ወደ ቁም ነገሩ መጡ። «ኩሬውን ልታጎድለው ነው አይደል? ውኃውን የት ልትደፋው ነው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። አላሰብንበትም ነበር።

«ሳራቺኔስካው ስለዛገ በቧንቧ አይወጣም» አልኳቸው።

«ሁለት ፓምፕ አለኝ። ሽንኩርቴ ደግሞ ገና መተከሉ ነው። ወዲህ ስቡልኝና አብረን እንጠቀም።»

በዚያው ቀን፣ ከሐጂ ቤት ስንመለስ፣ አባቴ ግድቡ ጫፍ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ባሕር ዛፍ ግንድ በእጁ ደገፍ አለ። «እሺ በያት» አለኝ። «ለመሐንዲሷ እሺ ብሏል በያት።»

ኩሬው ቀስ ብሎ ነው የጎደለው። ጓደኛዬ «ቶሎ ከወረደ የረጠበው የውስጥ ጎን ይናዳል» ስላለች ፓምፖቹ ለአጭር ጊዜ ይሠሩና ያርፋሉ። ውኃው ለሐጂ ሽንኩርት፣ ከሐጂም አልፎ ለሌሎች ጎረቤቶች ማሳ ደረሰ። እኛ በኪሳራ የምንዘጋ መስሎን በነበረበት ወቅት ከታች ያለው ሸለቆ አረንጓዴ ሆነ። ጥቂት ውኃ ሲቀር ዓሣው በመረብ ተያዘ። ትንንሹን ላስቲክ ባነጠፍንበት ጉድጓድ አቆየነው፣ ትልልቁን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ በላው። ያን ቀን ዳሱ ውስጥ ቦታ ጠፍቶ ሐጂና አባቴ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ሲበሉ አየሁ።

የዛፎቹ ነገር ግን ከበደኝ። መጋዙ ሲጀምር አባቴ ቤት ይቀራል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወንበር አስወጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠና «ወደ ደረቁ ጣሉት፣ ግድቡ ላይ እንዳታሳርፉት» እያለ አዘዘ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ዛፍ ወድቆ ሰማዩ ወለል ሲል ግድቡ አዲስ የተላጨ ራስ መሰለኝ። ቦታችን የሌላ ሰው ቦታ ሆነብኝ። ስልኬ በየቀኑ ይጮኻል። «ባሕር ዛፎቹ ጋ ክፍት ናችሁ?» ይሉኛል። «ዘግተናል፣ ባሕር ዛፎቹም የሉም» ስል አንዳንዱ የሞት መርዶ የነገርኩት ይመስል «አይዟችሁ» ይለኛል።

ሥሮቹ ተቆፍረው ወጡ፣ የጃርቷ ጉድጓድም እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ደግነቱ ጃርቷ አልነበረችም። ጭቃ አፈሩ ከሐጂ ማሳ ዳር መጣና እየረጠበ፣ በስሱ እየተነጠፈ ተጠቀጠቀ። አባቴ ዓይኑ ባያይለትም የመጠቅጠቂያውን ድምፅ እየሰማ «እዚያ ጋ ደርቋል፣ ውኃ አርከፍክፉ» ይላል። ጓደኛዬ እየሳቀች «ጋሼ፣ መሥሪያ ቤታችን ልቅጠርዎ?» ትለዋለች። ከግድቡ ሥር፣ በረጠበው ቦታ፣ ቦይ ተቆፍሮ አሸዋና ጠጠር ተሞላበት፣ አንድ ቀጭን ቧንቧም ወጣለት። እኔ ውኃውን ከነጭራሹ የምንደፍነው መስሎኝ ነበር።

«ከደፈንነው በሌላ በኩል መውጫ ይፈልጋል» አለችኝ ጓደኛዬ። «ውኃው ይውጣ። እንዳይወጣ የምንከለክለው አፈሩን ነው።»

የቀረው ማስተንፈሻው ነበር። የሞላነውን አፈር ጠርገን ወለሉንና ጎኖቹን በድንጋይ ማስገንባት ጀመርን። ግንበኞቹ ታች ሳይደርሱ ሰኔ ገባ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከአርሲ ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ሸለቆው ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ጎርፉ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና ገለባ ተሸክሞ መጣ። ኩሬው ባዶ ስለነበር ብዙውን ዋጠው። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ እኛም ላይ ወረደ። ውኃው እየወጣ፣ እየወጣ ሄደ። እኔ ዳሱ ጫፍ ላይ፣ ከአባቴ ወንበር አጠገብ ቆሜ አዲስ የጠቀጠቅነውን ቦታ ብቻ ነበር የማየው። ሐጂ ጃንጥላ ይዘው፣ ሁለቱን ጎልማሳ ልጆቻቸውን አስከትለው ሽቅብ መጡ። ልጆቹ ባዶ ጆንያ ተሸክመዋል። ቤተሰቡን ማዶ ካለው ከፍታ ላይ አድርሰው ነው የመጡት።

ውኃው ማስተንፈሻው ጋ ደረሰና ፈሰሰ። ላይኛው ግንብ ያዘ። ታች፣ ግንቡ ባላለቀበት ጫፍ ግን ድንጋዮቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ፣ መሬቱም መቦርቦር ጀመረ።

«ግድቡን ተዉት!» አለ አባቴ፣ ድንጋዮቹ ሲንከባለሉ ሰምቶ ከወንበሩ እየተነሣ። «ማስተንፈሻውን ያዙ። ጆንያውን ጎንና ጎኑ ላይ ደርድሩ፣ መሐሉን ለውኃው ልቀቁለት።»

አፈር ሞልተን ደረደርን። እኔ፣ የሐጂ ልጆች፣ ሁለቱ ግንበኞች። እጄ ሲላጥ አልታወቀኝም። ሐጂ በዚያ ሁሉ ዝናብ ከግድቡ ሥር ወርደው የቀጭኗን ቧንቧ ውኃ በጠርሙስ ይዘው ወጡና ጠርሙሱን ለእኔ ሰጡኝ። አባቴ እንደማያየው ያውቃሉ።

«ምን ይመስላል?» አለ አባቴ።

«ንጹሕ ነው፣ አባባ።»

«ደግመሽ እዪው።»

«ንጹሕ ነው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጎርፉ አመሻሹ ላይ ሲበርድ ማስተንፈሻው ታች በኩል ሰው የሚያስቆም ጉድጓድ ሆኖ ነበር። ግድቡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በማግስቱ ጓደኛዬ መጥታ አየችውና ጉድጓዱን በሽቦ መረብ በታሰረ ድንጋይ ሞላነው። ግንቡም እንደገና፣ በፊት ካሰብነው ረዘም ተደርጎ ተሠራ።

ይህ ከሆነ ሦስተኛ ክረምታችን ነው። ግድቡ አሁን ሰርዶ ለብሷል። ከብት አይወጣበትም። ሣሩን እያጨዱ ለላሞቻቸው የሚወስዱት የሐጂ ልጆች ናቸው፣ በዚያም ግድቡ ሁልጊዜ የተከረከመ ይሆናል፣ ጉድጓድም ሆነ ስንጥቅ ቢኖር ወዲያው ይታያል። ከተረሳ ሥር የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ ካገኘሁ በእጄ እነቅለዋለሁ። ከትልቅ ዝናብ በኋላ ታች ወርጄ ቧንቧዋን ሳላይ ምሳ አልበላም። በዛገው ምትክ ያስገባነውን አዲስ ሳራቺኔስካ በየወሩ ከፍተን እንዘጋዋለን። ከግድቡ ራቅ ብሎ፣ በመኪና ማቆሚያው አዲስ ቦታ ዙሪያ፣ ኒምና ማንጎ ተክለናል። ገና ጥላ የላቸውም። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ እንግዳ ቀረብን፣ በሁለተኛው ግማሹ ተመለሰ። አሁን እሑድ ጀልባ ለመሳፈር ይሰለፋሉ። ባሕር ዛፍ የለም፣ ሰው ግን ዛሬም «ባሕር ዛፎቹ ጋ» ይላል። ስሙ ከዛፎቹ ይበልጥ ሥር ሰዶ ኖሯል።

ጓደኛዬ ግድቡ አዲስ እንዳልሆነ ደጋግማ ትነግረኛለች። «አርጅቷል፣ ዕድሜውን ያረዘማችሁት እናንተ ናችሁ፣ ዓይናችሁን ከላዩ አታንሡ» ትላለች። ድሮ ቢሆን ይህ ቃል እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። አሁን ሥራዬን እንደሚያስታውሰኝ አድርጌ ነው የምሰማው።

ባለፈው ወር ከሁሩታ አካባቢ አንድ ሰው መጣ። እሱም የቆየ ኩሬ አለው፣ ወጣቶች የሚዋኙበት። ከግድቡ ሥር መሬቱ መርጠብ ጀምሮበታል። ስለ እኛ ገበያ ላይ ሰምቶ ነው የመጣው። አባቴ ሁሉንም አዳመጠው። ዛፍ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው፣ ሰውየው ትልልቅ ግራሮች አሉኝ አለው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

«መጥቼ ልየው» አለ።

«አባባ፣ አንተ እኮ አታይም» አልኩት።

«እዳስሰዋለሁ። ሐጂ ደግሞ ያየዋል።»

በቀጣዩ ቅዳሜ የጓደኛዬን መኪና ተውሼ ወሰድኳቸው። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ። ከደራ ጀምሮ እስከ ሁሩታ ድረስ አንድ ነገር ላይ ተከራከሩ፣ ስለ ግራሮቹ ለሰውየው ማን ይንገረው በሚል። አባቴ «እኔ ቆርጬ ስላየሁት እኔ ልንገረው» ይላል። ሐጂ «አንተ ከነገርከው ያለቅሳል፣ በቀስታ መናገር የምችለው እኔ ነኝ» ይላሉ። ስንደርስ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሐጂ መጀመሪያ ወረዱና አባቴን እጁን ይዘው አወረዱት። እኔ መኪናውን ጥላ ሥር ሳቆም እነሱ እየተከራከሩ ወደ ግድቡ መውጣት ጀምረው ነበር።